የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቤዝ ጊታር የብሪጅ ሽፋን እንዴት ይገጠማል?

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱ የሚሽከረከሩት በአንድ ዕቃ ዙሪያ ነው። ዕቃው በኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ብሪጅ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት ብረት) ላይ የሚቀመጠው የሚያብረቀርቅ የክሮም ሽፋን ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሙዚቀኞች ዘንድ ቅጽል ስሙ «መተርኮሻ» ነው። ተፈትቶ ሲገለበጥ ለሲጋራ አመድ ይመቻል፤ የብዙዎቹም ዕጣ ይኸው ሆኗል።

ጥያቄ፦ የፌንደር ኩባንያ ሞዴል የሆነው የፕሪሲዥን ቤዝ ቅጂ አለኝ። አካሉ ላይ የሽፋን ቀዳዳ የለውም። ሽፋኑን ከውጭ አስመጣሁ፤ ብሎኖቹም አብረው መጥተዋል። የት ላይ ልብሳ? ቀለሙ እንዳይሰነጠቅስ ምን ላድርግ? (መ. ተ.፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ መ. ተ.፣ ትራፓኖውን ለጊዜው ይተዉት። ሽፋን ጊታሩ ላይ በመጨረሻ የሚገባ ዕቃ ነው። አንዴ ከታሰረ በኋላ ሳድሎቹን (ክሮቹ ብሪጁ ላይ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ድጋፎች) የሚገፉትንና የሚጎትቱትን የኋላ ብሎኖች በካቻቢቴ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ክሩን ይቀይሩ፣ አንገቱን ያስተካክሉ፣ የክሩን ከፍታ ይወስኑ፣ ኢንቶኔሽኑንም (ኖታዎቹ በአንገቱ ሁሉ ልክ እንዲሰሙ የሚደረገውን ማስተካከያ) በ12ኛው ፍሬት (የአንገቱ ብረት መስመር) ይጨርሱ። ለከፍታ መነሻ ከፈለጉ፣ ፌንደር ከ9.5 እስከ 12 ኢንች ሬዲየስ (የአንገቱ ፊት ጉብታ ልክ) ላለው አንገት የሚሰጠው ልክ በ17ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ኢ ክር 2.4፣ ለቀጭኑ ጂ ክር 2 ሚሊ ሜትር ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ሽፋኑን ሲፈታና ሲያስር ይከርማል፤ እንጨት ውስጥ የገባ ብሎን ደግሞ በተፈታ ቁጥር እየላላ ይሄዳል።

ክሮቹ እንደተወጠሩ ሽፋኑን ከላይ ያስቀምጡ። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰው ማስመሪያ ይዞ የአካሉን መሀል ይፈልግና በዚያ ልክ ምልክት ያደርጋል። ቅጂ ጊታሮች ላይ ግን ብሪጁ ራሱ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሸሽቶ የታሰረበት ጊዜ ብዙ ነው። የእንጨቱን መሀል አይመኑ፤ ከክሮቹ ይለኩ። ከሽፋኑ አንዱ ግድግዳ እስከ ኢ ክር፣ ከሌላው ግድግዳ እስከ ጂ ክር ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ሽፋኑ ፊት ለፊት ላይም ኋላው ላይም ይለኩት። ፊቱ ልክ ሆኖ ኋላው ከተዛባ ሽፋኑ ዞሯል ማለት ነው፤ ክሮም ላይ እንዲህ ያለ ጥመት ከመድረክ ሥር ለቆመ ሰው እንኳ ይታያል።

ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደግሞ የሚወስነው ውስጡ ነው። ሽፋኑ የብሪጁን ብረት፣ የሳድሎቹን ብሎን ራስ ወይም የክሩን መጨረሻ ቀለበት የትም ቦታ መንካት የለበትም። ከነካ ይንጣጣል፤ ያን ድምፅ ከፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ማግኔት) ወይም ከሽቦ ነው ብለው ሲፈልጉት ይውላሉ። ውስጡ ስለማይታይ ቀላል ዘዴ አለ። ጠንከር ብሎ የተቦካ ሊጥ ወይም የልጆች ፕላስቲሲን ትንሽ ትንሽ ድቡልቡል አድርገው በስስ ላስቲክ ይጠቅልሉና በአራቱ ሳድሎች ላይና በኋላ ብሎኖቹ ራስ ላይ ያስቀምጡ። ሽፋኑን ቀጥ አድርገው ይጫኑትና ያንሱት። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት የቀረው ክፍተት ነው። የትኛውም ቦታ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሽፋኑን ያንቀሳቅሱትና ይድገሙት። ክሮቹ ሥሩ በሚያልፉበት የፊት ከንፈር ላይ ደግሞ በክሩና በብረቱ መሀል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይተዉ።

ቦታው ከተገኘ ሽፋኑን በወረቀት ፕላስተር ብቻ ይያዙትና አንድ ሁለት ቀን ይጫወቱበት፤ ተቀምጠውም፣ ማንገቻ አድርገው ቆመውም። የእጅዎ አንጓ የሚያርፍበት ቦታ ካልተመቸዎት ያለ አንድ ቀዳዳ የሚያውቁት አሁን ነው። የተበሳ እንጨት ወደ ነበረበት አይመለስም።

አሁን ወደ መብሳቱ እንምጣ። ብሎኑ የሚገባበት አካባቢ ላይ የወረቀት ፕላስተር ሁለት ሦስት ድርብ ይለጥፉ፣ ሽፋኑን በቦታው ይመልሱ፣ በሽፋኑ ቀዳዳ በኩል እርሳስ አስገብተው ክብ ይሣሉ። ቀዳዳው ከብሎኑ ስለሚሰፋ የክቡን መሀል ፈልገው በወስፌ ይጠቁሙት። ወስፌው ፑንታው እንዳይንሸራተት ይይዝልዎታል።

ከመብሳትዎ በፊት የመቆጣጠሪያ ቁልፎቹ ያሉበትን ሽፋን ከፍተው አንድ ነገር ይመልከቱ። ከብሪጁ ሥር ተነስቶ እንጨቱን በሰያፍ አልፎ ወደ ቁልፎቹ ጉድጓድ የሚገባ ቀጭን ሽቦ አለ፤ የክሮቹ ኧርዝ እሱ ነው። በጂ ክር በኩል የሚበሱት ቀዳዳ በዚያ ሽቦ መንገድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሽቦው ጉድጓዱ ውስጥ ብቅ የሚልበትን ቦታና አቅጣጫ ካዩ መስመሩን በዓይን መገመት ከባድ አይደለም። ከተጠራጠሩ ቀዳዳውን አሳጥረው አጭር ብሎን ይጠቀሙ።

የፑንታው ውፍረት በብሎኑ ይወሰናል። ብሎኑን በካሊፐር ጥርሱን ጨምረው ዳር እስከ ዳር ሲለኩት 3.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ እንደ አልደርና ባስውድ ላሉ ለስለስ ያሉ እንጨቶች 2.5፣ እንደ አሽና ሜፕል ላሉ ጠንካሮች 2.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበቃል። በቀጭን ፑንታ የተበሳ ጠባብ ቀዳዳ «ብሎኑን አጥብቆ ይይዝልኛል» ብሎ ማሰብ ቀለም የሚሰነጠቅበትና የብሎን ራስ የሚበጠስበት ዋና ምክንያት ነው። ጥልቀቱ ደግሞ እንጨት ውስጥ ከሚገባው የብሎን ርዝመት አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይብለጥ። ልኩን ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልለው ምልክት ያድርጉበት። የተለመደው የፌንደር አካል ውፍረት 44 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በወዲያኛው በኩል ይወጣል ብለው አይስጉ፤ ቀጠን ያለ ቅጂ ከሆነ ግን አስቀድመው ይለኩት።

ለቀለሙ መድኃኒቱ ይህ ነው፤ ብዙዎቹ የዛሬ ጊታሮች የሚቀቡት ፖሊየስተር ወፍራምና ደረቅ ነው፣ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። የሚሰነጥቀው ፑንታው ሳይሆን፣ ሲገባ ቀለሙን ወደ ላይ የሚገፋው የብሎኑ ጥርስ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ፑንታ ይያዙና በእጅዎ ብቻ ወደ ኋላ እያዞሩ የቀዳዳውን አፍ ይፋቁት። ቀለሙ ተነስቶ እንጨቱ ሲታይ ያቁሙ። ያኔ ጥርሱ ቀለሙን ሳይነካ በቀጥታ እንጨቱን ያገኛል።

የትራፓኖው አፍ ክሮቹን እንዳይመታ ኢ እና ጂን አላልተው ወደ መሀል ያሽሹ። ከበሱ በኋላ ብሎኑን ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና ቀብተው ያለ ሽፋኑ አንድ ጊዜ በእጅ ያስገቡና ያውጡት፤ ጥርሱ መንገዱን ያበጃል። ከዚያ ሽፋኑን አስቀምጠው የግራና የቀኙን ብሎን እያፈራረቁ ያጥብቁ። በኤሌክትሪክ ካቻቢቴ በፍጹም አይሞክሩት። የብሎኑ ራስ ሽፋኑ ላይ ሲያርፍ ያቁሙ። ከዚያ በላይ ከጨመሩ የሽፋኑ ጆሮ ይጎብጣል፣ ግድግዳው ይከፈታል፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ክሮምም ይላጣል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ጊታሩ አካል ላይ አሮጌ የሽፋን ቀዳዳ ያለው ያገለገለ ቤዝ ያለዎት አንባቢዎችም አዲሱ ሽፋን ከአሮጌው ቀዳዳ ጋር አልገጥም ሲል ሽፋኑን በጉልበት አይጠምዝዙት። የፕሪሲዥን ሽፋን ሌላው የፌንደር ሞዴል በሆነው ጃዝ ቤዝ ላይ አይሆንም፤ የጃዙ ትልቅ ነው፣ ብሪጁን ብቻ ሳይሆን የኋለኛውን ፒክአፕም ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ጃዝ ቤዝ ነው ያለኝ። ብሪጁን ወፍራም በሆነ ከባድ ብሪጅ ቀይሬዋለሁ። አሁን የገዛሁት ሽፋን አልቀመጥ አለ፤ በግድ ሳስቀምጠው ጫን አድርጌ ስመታ ኢ ክር ይጮኻል። ሽፋኑን ላስሞርደው? (ዳ. ገ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አያስሞርዱት። ሽፋኑ የተሠራው ለቀጭኑ፣ ከታጠፈ ብረት ለተሠራው የድሮ ዓይነት ብሪጅ ነው። ከባዱ ብሪጅ መሠረቱ ስለሚወፍር ሳድሎቹንም ክሩንም ከፍ ያደርጋል፣ ከኋላም ረዘም ይላል። ክሮም ደግሞ ከተሞረደ ሥሩ ያለው ብረት ላብ ሲነካው ይዝጋል፣ ዝገቱም ከሥር እየገባ ቀሪውን ክሮም ይገፈትረዋል።

ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛውና እኛ የምንመርጠው፣ ሽፋኑን ከፈለጉት የድሮውን ብሪጅ መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ችግሩ የከፍታ ብቻ ከሆነና ኋላው የሚበቃ ከሆነ፣ ከሽፋኑ ጆሮዎች ሥር 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ፕላስቲክ በጆሮው ቅርጽ ልክ ቆርጦ ማስገባት ነው። ሮንዴላ አይጠቀሙ፤ ጆሮው መሀሉ ብቻ ተደግፎ ሲታሰር ይጎብጣል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ማንሳት ካስፈለገ ሽፋኑ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ያኔ ቢተዉት ይሻላል።

የኢ ክር ጩኸት ከሽፋኑ መሆኑን ለማረጋገጥ ሽፋኑን አንስተው ያንኑ ኖታ በዚያው ጉልበት ይምቱት። ጩኸቱ ካልጠፋ ጥፋቱ የፍሬት ወይም የክር ከፍታ ነው፤ ሽፋኑ ንጹሕ ነው።

ጥያቄ፦ ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል፣ አይጠብቅም። ቀዳዳው አጠገብም ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቷል። (አ. በ.፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ለላላው ቀዳዳ ሁለት ሦስት ስቴኪኒ ኮላ ቀብተው ቀዳዳው ውስጥ ይጠቅጥቁ፣ ከአካሉ ጋር እኩል አድርገው ይቁረጡት፣ ለ24 ሰዓት ያድርቁት፣ ከዚያ ከላይ በተሰጠው የፑንታ ልክ እንደ አዲስ ይብሱት። ኮላው ሳይደርቅ ብሎኑን የሚያስገባ ሰው አለ፤ ብሎኑ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በወፍራም ብሎን መተካትም ጥሩ ሐሳብ አይደለም፤ ራሱ ከሽፋኑ ቀዳዳ ጋር አይጣጣምም።

ስንጥቁ የቀለም ብቻ ከሆነ ጊታሩን አይጎዳውም። ከላይ እንደተባለው የቀዳዳውን አፍ ቢፍቁለት ወደ ፊት መሄዱን ያቆማል፤ አብዛኛውም በሽፋኑ ጆሮ ሥር ይደበቃል።

ጥያቄ፦ የድሮ ድምፅ ፈልጌ ከሽፋኑ ሥር ስፖንጅ ለጠፍኩ። ድምፁ ደስ ይላል፤ ግን ከ12ኛው ፍሬት በላይ ስጫወት ኖታው ሹል ይሆናል (ከልኩ ከፍ ይላል)፤ ጂ ክር ደግሞ ድምፅ አልባ ሆነ። ምን ዓይነት ስፖንጅ ነው የሚሻለው? (ሰ. አ.፣ ቴል አቪቭ)

መልስ፦ ስፖንጁ የሽፋኑ ዋና ምክንያት ነበር ማለት ይቻላል። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲያወጣ ቤዝ ማለት ኮንትራባስ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ የእንጨት ቤዝ) ነበር፤ ሲመታ ድም ብሎ ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ። የኤሌክትሪኩ ክር ግን ከተመታ በኋላ ይቆያል፣ ይጮኻል። በሽፋኑ ውስጥ የሚለጠፈው ስፖንጅ ያን ማሳጠሪያ ነው። ጃዝ ቤዝ በ1960 ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ክር የየራሱ የሆነ ስፕሪንግ ላይ የተቀመጠ የሱፍ ማፈኛ ነበረው፤ ብዙም አልቆየም፣ ወደ ስፖንጅ ተመለሱ። የአሜሪካው የሞታውን ሙዚቃ አሳታሚ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን በ1962ቱ ፕሪሲዥኑ ላይ ስፖንጁን ከነሽፋኑ አልነካውም፤ ጠፍጣፋ ክርና በአንድ ጣት የሚመታ ቀኝ እጅ ሲጨመርበት የምናውቀው ድምፅ ይወጣል።

የእርስዎ ችግር ስፖንጁ ብዙ መጫኑ ነው። ስፖንጅ ክሩን በኃይል ሲይዘው ሳድሉ ወደ ፊት የመጣ ያህል የሚርገበገበውን ርዝመት ያሳጥረዋል፤ ኖታው ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ባሉት ፍሬቶች ላይ የቀረው ክር አጭር ስለሆነ ያችው ጥቂት ሚሊ ሜትር የበለጠ ትሰማለች። ጂ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ጉልበት የለውም፣ ለኢ የሚበቃው ጫና እሱን ጭጭ ያሰኘዋል።

ዓይነቱ ከውፍረቱ ያነሰ ነገር ነው። ሽፋኑን በቦታው አድርገው ከውስጥ ጣሪያው እስከ ክሩ ያለውን ርቀት በዚያው የሊጥ ዘዴ ይለኩ። በዚያ ላይ ለኢ እና ለኤ 3፣ ለዲ 2፣ ለጂ 1 ሚሊ ሜትር ይጨምሩና ስፖንጁን በአንድ በኩል ሰያፍ አድርገው ይቁረጡት። ከክሩ ጋር የሚነካካው ስፋት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ቦታውም ሳድሉ አፍንጫ ሥር ነው። ወደ ፒክአፑ በሄደ ቁጥር ያው ስፖንጅ ድምፁን ይገድለዋል። የዕቃ ማሸጊያ የሆነው ለስላሳ ግራጫ ስፖንጅ ጥሩ ነው፤ የፍራሹ ቶሎ ይደቅቃል።

ለመለጠፍ ሁለት ፊት ያለው ፕላስተር ይጠቀሙ፤ ማስቲሽ ከፈለጉም በስሱ። ሱፐር ግሉ ስፖንጁን ያደርቀዋል፣ ሊያነሱት ሲፈልጉም ይፈረፈራል። በየዓመቱ ገልብጠው ይዩት። ያረጀ ስፖንጅ ወደ ሙጫነት ይለወጥና ሳድሎቹ ላይ ይንጠባጠባል፣ ብሎኖቹንም ያዝጋል፤ የስድሳዎቹን ጊታር ሽፋን ገልብጦ ያየ ሰው ያንን ቡናማ ዝልግልግ ያውቀዋል። በመጨረሻ ስፖንጁ እንደተገጠመ ኢንቶኔሽኑን በቲዩነር እንደገና ያረጋግጡ። አሁንም ሹል ከሆነ ሳድሉን ጥቂት ወደ ኋላ ይሳቡት።

ጥያቄ፦ ጃዝ ቤዜ ላይ ሽፋኑን ከገጠምኩ ወዲህ እጄ ሲነካው ከአምፑ የሚሰማው ሁምታ (ጉምጉምታ) ይለዋወጣል። ሽፋኑ ኧርዝ መሆን የለበትም? (ሄ. ወ.፣ ዱባይ)

መልስ፦ አለበት፤ ግን ብሎኖቹ የሚገቡት እንጨት ውስጥ ስለሆነ በራሱ ኧርዝ አይሆንም። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ብረት ከፒክአፑ አናት ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። ቴስተር ያውጡና አንዱን ጫፍ ሽፋኑ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) ውጫዊ ብረት ላይ ያድርጉ። ቴስተሩ ክፍት ነው (ግንኙነት የለም) ካለ የመዳብ ፕላስተር ቁራጭ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከብሪጁ ብረት ሥር፣ ሌላውን ከሽፋኑ ጆሮ ሥር ያስገቡት። ከሽፋኑ ሥር ስለሚያልፍ አይታይም። ፌንደር በመጀመሪያዎቹ ጃዝ ቤዞች ላይ በአካሉ ገጽ የሚሄድ የብረት ጠፍር ያደርግ የነበረው ለዚሁ የኧርዝ መስመር ነው። እንደገና ሲለኩ ከ1 ኦም በታች ማግኘት አለብዎት።

የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች አንዱ የሌላውን ሁምታ የሚሰርዙት ሁለቱም ቮልዩም እኩል ሲከፈት ብቻ መሆኑንም ያስታውሱ። አንዱን ሲቀንሱ የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ የሽፋኑ ጥፋት አይደለም።

ኧርዝ የሆነ ሽፋን ከአምፑና ከግድግዳው ሶኬት ጋር ያገናኝዎታል። ሽፋኑን ይዘው ከንፈርዎ ማይክሮፎን ሲነካ የሚቆነጥጥዎት ከሆነ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም ማለት ሊሆን ስለሚችል መጫወቱን አቁመው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። የጊታሩን ኧርዝ ሽቦ መቁረጥ እንደ መፍትሔ የሚነግርዎትን ሰው አይስሙት።